ለዶክተራችን በቁማቸው ያለቀስንላቸው ዕለት

እናንተዬ፣ በሕይወት ላለ ሰው ድንኳን ተተክሎ፣ ደረት ተደቅቶ፣ ሙሾ ሲወርድለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሸዋ ሮቢት አድርገነዋል። እኔ ደግሞ ከፊት ቆሜ አስለቅሻለሁ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ፤ ያን ለት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የእኛ አገር መሬት ደግሞ በሰኔም ትፋጃለች፣ ስትውጥ ጠብሳ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ዶክተሩ፣ ስማቸው ምን ያደርግላችኋል፣ በእኛ ሰፈር «ዶክተር» ከተባለ አንድ እሳቸው ናቸው፣ እኛ ዘንድ ለብዙ ዓመት ያከሙ ሰው ነበሩ። መርፌያቸው ያማል፣ ቁጣቸው ከመርፌው ይብሳል፣ ግን ያድናሉ። «አጎበሩን ለማንጎ ማብሰያ ገዝተሽ ነው ወይስ ለራስሽ?» ብለው አንድ ጊዜ የጮኹብኝ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በነገራችን ላይ አጎበሩን አልገዛሁትም፣ በነጻ ነው የታደልኩት። ማንጎውን ግን እውነታቸውን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው «ለምክር ቤት ምረጡኝ» ቢል ማን እምቢ ይላል? ንቧ ምልክታቸው ሆነች፣ እኛም ንቧ ላይ ምልክት አደረግን። ምረጡኝ ሲሉ አንድ ነገር ቃል ገቡ፤ «ከወንዙ ማዶ ያሉ እናቶች በቃሬዛ መሻገራቸው ይቀራል፣ የእግረኛ ድልድይ ይሠራል» አሉ። አጨበጨብን። አዲስ አበባ ሄዱ። ከዚያማ ያየናቸው በዘይነባ ቴሌቪዥን ነው።

ዘይነባ ጎረቤቴ ናት። ክፉ ደግ አብረን ያየን፣ እኔ ስጾም የምታዝንልኝ፣ እሷ ስትጾም የማዝንላት። የምክር ቤቱ ስብሰባ በተላለፈ ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ነይ ቶሎ፣ ዶክተራችን ወጡ!» ትለኛለች። ሮጬ ስደርስ ዶክተራችን አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ናቸው። «ሳይተኙ ያየሻቸው ጊዜ አለ?» እላታለሁ። «ያረቢ፣ ደክሟቸው ነው፤ የስንቱን ወባ ሲያስታምሙ ከርመው» ትለኛለች። እንዲህ ስንከራከር ካሜራው ያልፋቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ጣጣ ልምጣ። ልጄ ብርቄ የተዳረችው ከወንዙ ማዶ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ሰኔ ሲብት ልትሻገር ተስማምተን ነበር። ሮቢ ግን ከእኛ ጋር አልተስማማም። ያ ወንዝ ክፉ ጠባይ አለው፤ ደጋው ላይ ዘንቦ እዚህ እኛ በፀሐይ እየተጠበስን ሳለ ድንገት ደፍርሶ ይመጣል። ወንዙ ሲሞላ መሻገሪያው አንድ ነው፤ አራት ጎልማሶች የእድሩን ቃሬዛ ተሸክመው በመልካው ያሻግራሉ። እሱ ቃሬዛ ያው ሬሳ የምንሸኝበት ነው። ብርቄ ታዲያ «እማዬ፣ ሬሳ የሚተኛበት ላይ ሆዴን ይዤ አልወጣም፤ ሟርት ነው» ብላ ላከችብኝ። ከመልእክቱ ጋር እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ እንዳላትም ነገሩኝ። እንቅልፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሎኝ ሄደ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው «ዶክተሩ መጥተው ስለ ጤናና ስለ አካባቢያችን ልማት ሊያወያዩን ነው» የተባለው። እግዜር ጸሎቴን ሰማ አልኩ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ «ድልድዩስ?» እላቸዋለሁ ብዬ በሆዴ ስንት ጊዜ ተለማመድኩ መሰላችሁ!

ግን ያን ዘመን ስብሰባ እንደ ወባ ነበር፤ ወቅቱን ጠብቆ ይነሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያልፋል። ጥያቄው ደግሞ ቀድሞ ይታደላል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ንብ ያለበት ኮፍያቸውን ደፍተው ቤቴ መጡና ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፤ «የሴቶች ተጠቃሚነት ከጊዜ ወደ ጊዜ በምን መልኩ እየተጠናከረ እንደመጣ ቢያብራሩልን።»

«ጋሼ፣ የእኔ ጥያቄ እኮ ስለ ድልድዩ ነው» አልኳቸው።

«የድልድዩ ጥያቄ ለማንም አልተመደበም» አሉኝ።

«እንግዲያው ለእኔ ይመደባ!»

«እትዬ፣ እርስዎ ሞዴል ሴት ነዎት። ሞዴል የተሰጠውን ይጠይቃል። ቀኑ ይነገርዎታል» ብለው ውልቅ።

የቀኑ አነጋገር ነው እንግዲህ ጉድ ያፈላው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ደግሞ ሰው ስብሰባ ሲባል እርሻው ትዝ እንደሚለው ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ ብልሃት መጣላቸው። የእድራችንን ጡሩንባ ነፊ፣ ጋሼ ወርቁን፣ ጠርተው «ስለ ዶክተሩ ንገርልኝ» አሏቸው። ፀሐዩ እንዳይመታንም የእድሩን ድንኳን ተዋሱ። ብልሃት ከመጠን ሲያልፍ እብደት ነው የሚባለው ይኼኔ ነው።

ጋሼ ወርቁ ሠላሳ ዓመት ጡሩንባ ሲነፉ አንድ ቀን «ሞተ» ብለው አያውቁም። ምን ያደርግላቸዋል? ጡሩንባ ከተነፋ ያው ሞት ነው፤ ሊነፉ የወጡት ተወለደ ለማለት አይደል። ስም ይጠራሉ፣ ሰዓት ይጠራሉ፣ ቦታ ይጠራሉ፣ የቀረ እንደሚቀጣ ያስታውሳሉ፣ ወደ ቀጣዩ ሰፈር ይሄዳሉ። ያን ማለዳም ነፉት። ሆድ የሚያባባ አነፋፍ አላቸው። ከዚያ፣

«የእድራችን አባሎች! ዶክተራችን! ዛሬ! በአራት ሰዓት! ድንኳኑ ቀበሌው ሜዳ ነው! የቀረ ይቀጣል!»

ማንም «ምን ሆነው?» ብሎ አልጠየቀም። ጡሩንባ ነፊን አስቁሞ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው በእኛ አገር ገና አልተፈጠረም።

ከአልጋዬ ወርጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ያለቀስኩት ለእሳቸው አይደለም፤ ለድልድዬ ነው። «አይ ብርቄ፣ ጥያቄሽ ሞተ» አልኩ። ቀጥሎ ያ ቁጣቸው፣ ያ መርፌያቸው ትዝ አለኝና ለእሳቸውም አለቀስኩ። ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፤ «ኢና ሊላሂ! ሰማሽ?» «ሰማሁ።» «እኔ ተኙ እያልኩ፣ ለካ ታመው ነበር!» ብላ አነባች። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ተያይዘን ወጣን።

ስንደርስ የቀረ ጥርጣሬ ቢኖር እሱም ጠፋ። የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚው ተደርድሯል። «ሬሳው የታለ?» ብለን ስንጠይቅ «ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው፤ ሊቀመንበሩ አበባ ካስያዟቸው ተማሪዎች ጋር የደሴው መንገድ ዳር ቆመው እየጠበቁ ነው» አሉን። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ገብተን ተቀመጥንና ለቅሶው ተነሳ።

ሙሾ አዋቂ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ካለሁ ሌላ ሰው አይጠሩም። ለሙት ደግሞ አንቱ አይባልም፤ ሞት ሁሉንም አንተ ያደርጋል። ተነሥቼ ቆምኩና ጀመርኩ፤

«ወባዬን ነቅለሃት፣ ከሥሯ ከላዬ፣
አንተን ማን ነቀለህ፣ ሐኪሜ ጌታዬ?»

ሰዉ ተንሰቀሰቀ። ሰው ሲንሰቀሰቅ እኔ ይብስብኛል። ሙሾ ነውና ማን ዝርዝር ያወጣበታል፣ ማንስ «ተራሽ አይደለም» ይለኛል? የመጣልኝን ለቀቅኩት፤

«ስትመርጥ መድኃኒት፣ ስንቱን አዳንክልን፣
ስንመርጥህ ጊዜ፣ ምነው ጠፋህብን?

እሠራለሁ ብለህ፣ ድልድይ ለእናቶች፣
አንተው ተሻገርከው፣ ቀረን እኛ ሴቶች።»

እዚህ ላይ ማዶ ልጅ ያላቸው ሁሉ ደረታቸውን መቱ። በስብሰባ አፋቸውን ለጉመው የሚኖሩ ሰዎች «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያሉ ጮኹ።

በዚህ መሀል ዶክተራችን መጡ። መኪናቸው ከተማው መግቢያ ላይ ጎማው ፈንድቶ፣ ባጃጅ ይዘው በጓሮ በኩል ገቡ። መንገድ ዳር የቆሙት ሊቀመንበር ትልቅ መኪና ሲጠብቁ ባጃጇን ማን ልብ ይበላት? ዶክተሩ ሜዳው ላይ ድንኳን አዩ፣ ለቅሶ ሰሙ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ታልፎ አይኬድም ብለው አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጡ። መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውንም ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ይኼን ሁሉ ሽማግሌው ናቸው በኋላ የነገሩን።

«ማን ነው ያረፈው?» አሉ በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነዋል። «ዶክተሩ።»

«የትኛው ዶክተር?»

«ያ ተሳዳቢው! ወባ ያጠፋልን፤ ኋላ ምክር ቤት ገብቶ እሱም የጠፋው።»

ዶክተሩ መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው «መቼ ነው የሞተው?» አሉ።

«እኔ እንጃ ልጄ። ለእኛስ ከሞተ ቆየ።»

ይኼ ሁሉ ሲሆን እኔ ምን አውቄ! ዓይኔን ጨፍኜ ቀጥያለሁ፤

«ጉባኤው ረዝሞ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋህ፣
ለካ የሞት ነበር፣ ያኔ ያንቀላፋህ!»

ዓይኔን ስገልጥ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ሟቹ ተቀምጠው እያዩኝ ነው።

ዘይነባ ዓይኔን ተከትላ አየችና «አዑዙ ቢላህ!» ብላ እኔ ላይ ወደቀች፤ እኔ አግዳሚው ላይ፤ አግዳሚው ሽማግሌው እግር ላይ። ድንኳኑ ተበጠበጠ። ግማሹ ወደ በሩ ሮጠ፣ ግማሹ አማተበ። አንዲት ሴት «ትንሣኤ ሙታን!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

በዚህ ላይ ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሲሮጡ ደረሱ። «ምንድን ነው ይኼ? ማን ሞተ?» ሁሉም ጣቱን ወደ ዶክተሩ ቀሰረ። ጋሼ ወርቁ ተፈልገው መጡ። ንግግራቸው አይረሳኝም፤ «እኔ ሞቱ አልኩ? ስም ጠራሁ፣ ሰዓት ጠራሁ፣ ቦታ ጠራሁ። ልቅሶውን የጨመራችሁት እናንተ!»

ዶክተሩ ተነሥተው ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ ነጠላዬን ላቃና አላቃና እያልኩ እታገላለሁ። ከአንተ ወደ አንቱ መመለስ እንዲህ ይከብዳል እንዴ! ዶክተሩ ከኮታቸው ኪስ እንደ ዳዊት የወፈረ ወረቀት አወጡ። የጤና ሽፋኑ ከመቶ ስንት እንደደረሰ የተጻፈበት ነው። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኛን አዩና መልሰው ከተቱት።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ስለ ጤና ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት። እዚህ አገር ሳክም በሽተኛ ምን እንደሚያመው ሳልጠይቅ መድኃኒት አዝዤ አላውቅም ነበር። አሁን ግን መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ ጽፌ መጣሁ። ሕመማችሁን የሰማሁት ሞቼ ነው። ስለ አጎበሩ ተቆጥቼ ማንጎ ላይ ከመዋል አላዳንኩትም፤ ስለ ድልድዩ ምዬ አልሠራሁም። ትናንት የነበረውን አልመልስም። ዛሬ ምን ላድርግ? ጠይቁኝ።»

ከቅድሙ ጩኸት አንድም አልተረፈ። ሞተዋል ሲባል አንበሳ የነበረ ሕዝብ፣ መኖራቸው ሲታወቅ መሬት መሬት ያያል። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጥያቄዎች በዝርዝሩ መሠረት ይቀርባሉ። በቅድሚያ ከሴቶች» ብለው ስሜን ጠሩ።

ወረቀቴን ከጡቴ ሥር አወጣሁ። በላብ ርሷል። አፌ ደግሞ ገና ከሙሾው አልወጣም፤ «የሴቶች ተጠቃሚነት፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ፣ በምን መልኩ» ብዬ ሳነብ በለቅሶው ዜማ ሆኖ ቁጭ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ከልማድ «ወይኔ!» ብላ ተቀበለችኝ።

ዶክተሩ ከንፈራቸውን ነከሱ። «እትዬ፣ ይኼ የእርስዎ ጥያቄ ነው?»

«አይደለም፣ ዶክተር። ይኼ የሊቀመንበሩ ነው። የእኔ ጥያቄ ወንዝ ማዶ ናት። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ አብጧል።»

ፊታቸው ተለወጠ። የምክር ቤቱ ሰውዬ እዚያው ቀሩና ያ ተሳዳቢው ሐኪም ወጣ። «የስንት ወር ናት?» «ዘጠኙን ጀምራለች።» «ራሷንስ ያማታል?» «ያማታል ብለው ልከዋል።» «እና እዚህ ቆመሽ ታዜሚያለሽ?» ብለው ጮኹብኝ። አንቱታው ከእሳቸውም ጠፋ፤ ቁጣቸውን ስሰማ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! «ተነሡ፣ እንሂድ!»

«ክቡር ዶክተር፣ ይኼ መርሐ ግብሩ ላይ የለም» አሉ ሊቀመንበሩ።

«መሞቴም አልነበረበትም» አሏቸው።

ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ። ለቀብር የተዘጋጀ ሰው ሰልፍ ማን ያስተምረዋል? አራት ጎልማሶች ከእድሩ ዕቃ ቤት ቃሬዛውን አወጡ፣ ወንድ ከፊት፣ ሴት ከኋላ፣ ወደ ሮቢ ወረድን። ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን በጉልበታቸው ላይ እየጻፉ ይከተላሉ። የእኔን ሙሾ «ከነዋሪው በዜማ የቀረበ ገንቢ አስተያየት» ብለው እንደመዘገቡት ኋላ ሰማሁ።

ውሃው ከጭን በላይ ነበር። ዶክተሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ፤ በሦስተኛው እርምጃ ያ የከተማ ጫማ ድንጋዩ ላይ ከዳቸውና ቁጭ አሉ። ጎልማሶቹ አወጧቸው። «ዶክተር፣ በዚህ ወንዝ እንግዳ የሚሻገረው በአንድ ነገር ነው» አሏቸው ቃሬዛውን እያሳዩ። አንገራገሩ። «እናቶቻችን ይወጡበት የለም?» ሲሏቸው ግን ወጥተው ተጋደሙ። ፀሐዩ አናታቸውን ስለበላቸው ዘይነባ ሻሿን አውልቃ ፊታቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ደግ ሥራ መሥራቷ ነው እንግዲህ።

አሁን እናንተ ማዶ ሆናችሁ እዩት። የእድር ቃሬዛ ይመጣል፤ ላዩ ላይ ፊቱን የተሸፈነ ሰው ተጋድሟል፤ ከኋላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ያ ማዶ ያለ ሰው ሳይጠይቅ ኡኡ ብሎ ወንዙ ዳር ወረደ። የብርቄ አማት ፀጉራቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። «ማን ይሆን! ማን ይሆን!» እያሉ ቃሬዛው ላይ ሲደፉ ሬሳው ቀና ብሎ «እንደምን ዋላችሁ» አላቸው።

አማቲቱ ስድሳ አልፏቸዋል። እንዲያ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ብርቄ ደጃፉ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ሳይቀር አብጦ ልጄን ለማወቅ ተቸገርኩ። ዶክተሩ ርጥብ ሱሪያቸውን ይዘው ተንበረከኩ። በአውራ ጣታቸው ቅልጥሟን ጫን አደረጉት፤ ጣታቸውን ሲያነሱ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል?» «አዎ።» ወደ እኔ ዞረው ዝግ ባለ ድምፅ «ዛሬ ትሻገራለች። ነገ አይባልም። መኪናዬ ጎማው ተቀይሮ ወንዙ ዳር ይጠብቃል፣ በቀጥታ ሆስፒታል» አሉኝ። ሳይቆጡ ሲናገሩ ነው ለካ የሚያስፈሩት።

ብርቄ ቃሬዛውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ላይማ አልወጣም። የሬሳ ነው።»

«የኔ ልጅ» አሉ ዶክተሩ፣ «ዛሬ ጠዋት ለእኔ ተለቅሷል፤ እናትሽን ጠይቂ። ከዚያ በዚሁ መጣሁ። እንደምታዪኝ ርቦኛል እንጂ ምንም አልሆንኩም።»

ብርቄ እኔን አየችኝ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላዬን አየች፣ የእሳቸውን የረጠበ ሱሪ አየች። ሳቋ መጣ። እየሳቀች ወጣችበት።

«ድልድዩስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ያን ክረምት አልደረሰም። ዶክተሩ አንድ ጊዜ ምክር ቤት ተነሥተው ሲጠይቁ ዘይነባ ቤት አይተናል፤ ሰዓትዎ አልቋል ተባሉ። በሌላ ቀን ደግመው ተነሡ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ብረቱ መጣ። የልጅ ልጄ ዛሬ በድልድዩ ላይ ፍየል ታባርራለች። እኔ ግን የማወራችሁ ስለዚያ ቀን ነው።

ስንመለስ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እግሩን ወለም ብሎት ነበር። ማን ይተካው እየተባባልን ስንተያይ ዶክተሩ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ማዶ ወረወሩና የኋላውን ግራ ጫፍ ያዙ። ብርቄ ሆዷን አቅፋ ተጋደመች። እኔ እጇን ይዤ ከጎን ገባሁ። መሀል ስንደርስ ውሃው ወገባችንን አለፈ። እኔ ሲጨንቀኝ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ዶክተር» አልኳቸው፣ «እዚያ ምክር ቤት ግን ሥራዎ ምንድን ነው?»

«እጅ ማውጣት» አሉ እያለከለኩ።

«ሁለቱንም?»

«ኧረ አንዱን ነው፣ እትዬ።»

«እኛ ዘንድ ሳሉ እኮ በሁለቱም ነበር የሚሠሩት።»

ማዕበሉ ገፋ አደረገን፤ ጎልማሶቹ «ያዝ! ያዝ!» ተባባሉ። ብርቄ ዓይኗን ጨፈነች። ዶክተሩ እግራቸውን ድንጋይ ላይ ተክለው ቃሬዛውን እስከ ትከሻቸው ከፍ አደረጉት።

«አሁን በሁለቱም ይዣለሁ» አሉኝ። «ብቻ አያስቁኝ፣ ልጅቷን እጥላታለሁ።»